ላሽ የወጣበት ፀጉር አስተካካይ

ቀድሞ ያየው ቢንያም ነው። እኔና እሱ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት በጋራ ተከራይተን ሁለት ወንበር ይዘን እንሠራለን። ገበያ ሲቀዘቅዝ እሱ የእኔን ፀጉር ይቆርጣል፣ እኔ የእሱን። ያን ዕለት ማሽኑን ማጅራቴ ላይ አቆመና "ሽፌ፣ እዚህ ጋ ሌላ ሰው ነክቶሃል እንዴ?" አለኝ።

"ከአንተ በቀር ራሴን ለማን እሰጣለሁ?"

ትንሿን መስታወት ከኋላ ይዞ አሳየኝ። የብር ሳንቲም የምታክል ክብ ቦታ ልሙጥ ብላለች። አታሳክክም፣ አታምም፣ አልቀላችም። "ላሽ ነው በቃ" አለ ቢንያም፤ ተሳሳቅን። በሙያችን ላሽ ስንት ጊዜ አይተናል! የሰው ራስ ላይ ሲሆን ደግሞ ቀላል ነው፤ "ነጭ ሽንኩርት እሽበት" ብለህ ሒሳብህን ተቀብለህ ትሸኘዋለህ።

እኔም እንደዚያው አደረግኩ። አገር ቤት ለእናቴ ስደውልላት እሷም ያንኑ አዘዘች። አሸሁት። ሽንኩርቱ ቆዳዬን እንደ ፍም አቃጥሎ አቆሰለው፤ ቁስሉ ሲድን ከጎኑ ሌሎች ክቦች ወጡ። ፋርማሲ ሄድኩ። ባለሙያው ከመደርደሪያው ማዶ ሆኖ አየኝና "ፈንገስ ነው" ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ቅባቱ ሲያልቅ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቄ ስገባ ሐኪሙ ራሴን ሳይነካ "ሥራህ ምንድን ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "እንግዲያማ ከማሽኑ ነው የያዘህ" አለና ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ የፈንገስ ኪኒን ጻፈልኝ። ምርመራው ይኸው ነበር። ኪኒኑ ጨጓራዬን ላጠው እንጂ ፀጉሬን አልመለሰውም። ሌላ ቦታ ደግሞ ደሜን ወስደው "ጭንቀት ነው፣ አትጨነቅ" አሉኝ። አለመጨነቅ የት ፋርማሲ እንደሚሸጥ ግን አልነገሩኝም።

ጠዋት ጠዋት ትራሴ ላይ የሚቀረውን ፀጉር ባለቤቴ ዘነበች እኔ ሳላይ እየለቀመች ትጥል ነበር። እንደምትለቅም አውቃለሁ፣ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። በዚህ ሁኔታ ከረምን። ክቦቹ ተገናኝተው ከጆሮ እስከ ጆሮ ሜዳ ሆኑ። ከዚያ የግራ ቅንድቤ ሄደ። ቅንድብ ምን ያደርጋል እንዳትሉ፤ ባለ አንድ ቅንድብ ሰው እውነቱንም ቢናገር ሰው አያምነውም። ለእህቷ ልጅ ሠርግ ስንሄድ ዘነበች በኩሏ ሣለችልኝ። ከተፈጥሮው የተሻለ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ስጨፍር በላብ ወርዶ ጉንጬ ላይ ደረሰ። እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ።

የሚያስፈራኝ ፀጉሩ አልነበረም፤ እንጀራዬ ነበር። ፒያሳ ግማሹ ፈርሶ ደንበኛው ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። የቀረው ከልማድና ከፍቅር የሚመጣ ሰው ነው። እኛ ጋ ደንበኛ ሲቀመጥ ማሽኑ ላይ አልኮል አድርገን በላይተር እንለኩሰዋለን፤ ነበልባሉን ሲያይ ልቡ ያርፋል። ኮፍያ አድርጌ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ግን አንዴ የምለኩሰውን ደጋግሜ መለኮስ ጀመርኩ። ሰው ደግሞ ይህን አይቶ "ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ቢኖርበት ነው" አለ። የአራዳ ልጅ ፊት ለፊት አያስከፋህም። "ውይ፣ መኪና አጉል ቦታ አቁሜ ነው፣ መጣሁ" ብሎ ይወጣል፤ መኪና የለውም እኮ! በእኔ ላይ ላሽ ሲወጣ ደንበኞቼ ላሽ አሉ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ጡረተኛ ደንበኛ ነበሩኝ፤ ወንበር ከያዝኩ ጀምሮ በሌላ እጅ ተቆርጠው አያውቁም። አንድ ቅዳሜ ገብተው ባዶውን ወንበሬን አዩና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ" አልኳቸው።

"አይ፣ ቢንያምን ልጠብቀው። አልቸኩልም" አሉኝ ጋዜጣቸውን እየዘረጉ። የእሳቸው ከሁሉም አንጀቴን በላው።

ቢንያም አፍ አውጥቶ ምንም አላለም። አንድ ጠዋት ስገባ ግን ማሽኑን፣ ማበጠሪያውንና ፎጣውን ለይቶ በራሱ መሳቢያ ቆልፎበታል። "ደንበኛ እየጠየቀኝ ነው ሽፌ፤ ክፉ አይምሰልህ" አለ። የእሱም ፀጉር የሚቆረጥበት ጊዜ ደረሰና ሌላ ቤት ተቆርጦ መጣ። የኪራይ ውላችን ከፋሲካ በኋላ ይታደሳል፤ ስለሱ ሳነሣበት "እስቲ እናያለን" ማለት ጀመረ። ወንበሬ ከእጄ እየወጣች እንደሆነ ገባኝ። ላሽ አለበት የተባለ ፀጉር አስተካካይ ማን ይቀጥራል? ሌላ ሥራ ደግሞ አላውቅም።

በመጨረሻ ዘነበች ናት አምስት ኪሎ አካባቢ ወደምትሠራ የቆዳ ሐኪም እየጎተተች የወሰደችኝ። የቆዳ ሐኪም ወረፋ ከሌላው ይለያል፤ ሁሉም የሚሸፍነው ነገር አለው። አንዷ በነጠላ እስከ ዓይኗ፣ አንዱ በጓንት፣ እኔ በኮፍያ። ክፍሉ ይሞቃል፣ ላቡ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል። አጠገቤ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች ሴት አየችኝና "ወንድሜ፣ አውልቀውና ተናፈስ። እዚህ ቤት ማን ማንን ያማል?" አለችኝ። አወለቅኩት። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ስንት ወር ሙሉ ከቤቴ ውጭ አውልቄው አላውቅም ነበር። የሴትየዋን ስም እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ እግዜር ይስጣት።

ሐኪሟ ፈጣን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ራሴን በሚያጎላ መነጽር አየች፤ ከዳር ዳር ያለውን ፀጉር ሳብ ሳብ አደረገች። "ላሽ ነው። ግን ፈንገስ አይደለም፤ ወደ ማንም አይተላለፍም" አለች።

"እስቲ ይድገሙልኝ፣ ዶክተር።"

"አይተላለፍም።"

"ጽፈው ይስጡኝና በሬ ላይ ልለጥፈው።"

ሳቀችና አስረዳችኝ። ሰውነት ከበሽታ የሚጠብቀው የራሱ መከላከያ አለው። "እንደ ግቢ ዘበኛ ይዩት" አለች። "የእርስዎ ዘበኛ ተሳስቷል፤ የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ እየደበደበ ነው። ልጁ የፀጉርዎ ሥር ነው። አልሞተም፣ ፈርቶ ተደብቋል እንጂ።" ቦታው ጥቂት ቢሆን በመርፌ ይታከም ነበር፤ የእኔ ስለሰፋ ሌላ መንገድ እንሞክር አለች። ቆዳን የሚያስቆጣ ኬሚካል አለ፤ ስሙ ለአፍም ለጆሮም አይመችም። መጀመሪያ ጠንከር አድርገው አንዴ ይቀቡታል፤ ሰውነት ያውቀዋል፣ ይጠላዋል። ከዚያ በየሳምንቱ በጣም አቅጥነው ይቀቡታል። ቆዳው ቀላ ይላል፣ ያሳክካል። ዘበኛው ፊቱን ወደዚያ ግርግር ያዞራል። ግርግሩን ለማብረድ ደግሞ ሌሎች ሕዋሳት እንደ አገር ሽማግሌ ይመጣሉ፤ እነሱ ባሉበት የፀጉሩም ሥር አብሮ ሰላም ያገኛል። በቆዳ በኩል ሰውነትን ትዕግሥት ማስተማር ነው አለችኝ። "በትክክል እንዴት እንደሚሠራ ገና ሙሉ ለሙሉ አልታወቀም። የማይሠራለትም ሰው አለ" ስትል ነው ያመንኳት። እስከዚያ ድረስ ያየኋቸው ሁሉ እርግጠኞች ነበሩ።

የሚቀባው መጀመሪያ በቀኝ በኩል ብቻ ነው። "በቀኝ ብቻ ከበቀለ መድኃኒቱ ነው፤ በሁለቱም ከበቀለ የእግዜር ሥራ ነው" አለች። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ሁለት ቀን አይታጠቡ፣ ብርሃን አያግኘው፣ ሌላ ሰው አይንካው። ክፍያው ቀላል አልነበረም፤ ዘነበች ከእቁቧ ሸፈነችው።

አሁን ወደ ስሕተታችን ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለእሱ ነው። በፀጉር ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ደንበኛ ቆዳው ቀልቶ ከወንበር አይነሣም። ምላጭ አንገቱን ካቀላው አልኮል ታደርግለታለህ፣ ቀጥለህ አንዲት ነጭ ክሬም ትቀባዋለህ፤ በማግሥቱ ቆዳው ጥርት ይላል። ክሬሟ ያለ ሐኪም ወረቀት የምትገዛ፣ ከማንም ፀጉር ቤት መደርደሪያ ላይ የማትጠፋ ናት። ለእኔ መቅላት ማለት ሥራ ተበላሸ ማለት ነው። እና ከሐኪሟ ስመለስ ማታውን ራሴ ቀልቶ ማሳከክ ሲጀምር ዘነበች መቀመጥ አቃታት። "እንዲህ ስትቧጥጥ እያየሁ እንዴት እችላለሁ?" ብላ ያችኑ ክሬም ለስለስ አድርጋ ቀባችኝ። እፎይ! ጠዋት ቅላቱ ድራሹ የለም። "አየህ፣ ቆዳህ መድኃኒቱን ለመደው" አለችኝ። ደስ አለን። በየሳምንቱ እንደዚሁ አደረግን። ክሬሙ መድኃኒት መሆኑ ለሁለታችንም አልታየንም፤ ለእኛ እንደ ፊት መታጠብ ነው።

ሐኪሟ በሄድኩ ቁጥር "ቀላ?" ትለኛለች። "ምንም አይል" እላለሁ። "አሳከከዎት?" "ኧረ ደህና ነኝ።" ግንባሯን ቋጠር ታደርግና መድኃኒቱን ከፍ ታደርገዋለች። በሚቀጥለውም ከፍ። ራሴ ግን እንደ እንቁላል ሆኖ ቀረ።

በዚህ መሀል የዘነበች ጣቶች ቀሉ፣ ያሳክካት ጀመር፣ ቆዳቸው ተላጠ። ምንም አላለችኝም። የልጆቻችንን ፎጣ ግን ከእኔ ፎጣ ለየች። አየሁ። ቤቴም እንደ ፀጉር ቤቱ ሊሆን ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ክሬሙን መቀባት ግን አልተወችም፤ እጇን በፌስታል ጠቅልላ መቀባት ጀመረች። "ምነው?" ስላት "ቅባቱ እጄ ላይ አልለቅ እያለ ነው" አለችኝ።

መስቀል ደረሰ። ጉራጌ ሆኖ ለመስቀል አገር ቤት አለመግባት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ብትጠፋ ማንም አይጠይቅህም፤ ያን ቀን ግን "የት ቀረ?" ትባላለህ። ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ ኮፍያ አውልቀህ ታጎነብሳለህ። ያን ራስ ይዤ ማጎንበስ አልቻልኩም። ለእናቴ ደውዬ ሥራ በዝቶብኛል አልኳት። "ልጄ፣ በመስቀል ፒያሳ ላይ ማን ቀርቶ ነው የምትቆርጠው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በመስቀል የእኛ ሰው ሱቁን ዘግቶ ስለሚገባ ሰፈሩ ጭር ይላል። ዘነበች ልጆቹን ይዛ ሄደች፤ ስትወጣ አላየችኝም፣ እኔም አልሸኘኋትም።

በዚያው ሳምንት ተቀባሁ፤ እስከዚያን ቀን ከተቀባሁት ሁሉ የጠነከረውን። ክሬሙ አልቋል፣ ብስጭት ላይ ስለነበርኩ ልግዛም አላልኩ። በማግሥቱ ራሴ ተነፋ። ውሃ የቋጠረ ቁስል ወጣ፣ ከጆሮዬ ኋላ ያሉት ንፍፊቶች አበጡ፣ ትኩሳቱ አንቀጠቀጠኝ፣ የቀኝ ዓይኔ ሊከደን ደረሰ። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ፈራሁ፤ ሳላፍር እናገራለሁ፣ ክፉኛ ፈራሁ። ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ማን አለ ብዬ ሳስብ የመጣልኝ ቢንያም ነው። መሳቢያውን የቆለፈብኝ ቢንያም! ደወልኩለት፤ ላዳ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ሲያየኝ "እመቤቴ!" ብሎ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ክንዴን በአንገቱ ላይ አዙሮ ደግፎ አወጣኝ።

ሐኪሟ ቁስሉን አጥባ፣ የትኩሳት መድኃኒት ሰጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። ቢንያም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"እስከ ዛሬ ሲቀላ ምን ያደርጉ ነበር?" አለችኝ።

"ምንም። ያቺን ክሬም ብቻ።"

"የቷን ክሬም?"

ቢንያም ቀደመኝ። "የእኛን ነዋ ዶክተር፣ የምላጩን!"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ክሬሙ ውስጥ መከላከያውን የሚያስተኛ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት እንዳለበት ነገረችን። "እኔ በየሳምንቱ እሳት እለኩሳለሁ፣ እናንተ በዚያው ማታ ታጠፋላችሁ። እኔ ደግሞ አልነድ ሲለኝ ማገዶ ስጨምር ከረምኩ። መጠየቅ ነበረብኝ" አለች። የዘነበችንም ጣቶች ነገር አነሣሁላት። "ሰው አይንካው ያልኩት ለዚህ እኮ ነው። የነካት በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ነው፤ ካራቀችው ይተዋታል።"

ቢንያም ጉሮሮውን ጠረገ። "ዶክተር፣ በማሽንም አይተላለፍም?"

"በማሽንም፣ በፎጣም፣ በመሳሳምም።"

መሬት መሬቱን አየ።

ለዘነበች ደወልኩላት። ስለ ጣቶቿ ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳት። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ምን ልበልህ? ከአንተ ያዘኝ ልበልህ?"

ተላለፈብኝ ብላ እያሰበች፣ ለልጆቿ እየፈራች፣ ራሴን በእጇ መያዝ አልተወችም ማለት ነው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። በዚህ ሕመም ያለቀስኩት ያኔ ብቻ ነው።

ቁስሉ እስኪደርቅ ጠበቅን፤ ከዚያ ከቀጭኑ እንደገና ጀመርን። ማሳከክን ታግሦ መቀመጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዘነበች ላለመነሣት እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ ትቀመጥ ነበር። የገና በዓል ሰሞን በቀኝ በኩል ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ የጫጩት ላባ የመሰለ። ሐኪሟ በመብራት አየችውና በጣቷ ዳሰሰችው፤ እሷም እንደ እኔ ደስ አላት። ቀስ በቀስ ጠቆረ። ግራው ግን ሜዳ እንደሆነ ነው። "አሁን አመንኩ፣ መድኃኒቱ ነው" አለችና ግራውንም መቀባት ጀመረች። ቅንድቤ ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ተመለሰ፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ነገ መልሶ ሊረግፍ ይችላል ብላኛለች፤ አውቄው እኖራለሁ።

ይህን የሚያነብ፣ ኮፍያ ውስጥ የተደበቀ ሰው ካለ ምክሬ አጭር ናት። ላሽ ሁሉ ፈንገስ አይደለም፤ ራስህን ነክቶ የሚያይ ሐኪም ፈልግ። ስትገባ ደግሞ የምትውጠውን ብቻ አትንገር፤ የምትቀባውን፣ የምትታሸውን፣ ቤት ውስጥ በፍቅር የሚደረግልህንም ተናገር።

የቀኝ ፀጉሬ ተመለሰ እንጂ ደንበኛዬ አልተመለሰም። ግማሽ ራስ ከባዶ ራስ ይልቅ ያስፈራል መሰለኝ። የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ፤ ለፀጉር ቤት ከዚህ የበለጠ ቀን የለም። አግዳሚው ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። ሁሉም ቢንያምን ይጠብቃል፣ እኔ ማበጠሪያ አጥባለሁ። የታጠበውን ደግሜ አጥባለሁ። ውላችን በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል።

ቢንያም አንዱን ጨርሶ የአንገት ጨርቁን አራገፈ። ቀጣዩ ሰው ሊነሣ ሲል በእጁ "ቆይ" አለው። መጥቶ የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ቁረጠኝ" አለ።

"አሁን? ሰው ሞልቶ?"

"ሰው ስለሞላ ነው።"

ማሽኑን ላመጣ ወደ እሱ መሳቢያ ስሄድ "የራስህ የለህም እንዴ?" አለ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ኮፍያዬን አውልቄ ማሽኔን አነሣሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ከጆሮው በላይ ትንሽ አበላሸሁ፣ አስተካከልኩት። ስጨርስ ተነሥቶ አንገቱን በእጁ አራገፈና ወደ አግዳሚው ዞረ።

"ተረኛው ማን ነው?"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጋሽ ታደሰ ጋዜጣቸውን አጥፈው ተነሡ። ሁለቱም ወንበር ባዶ ነበር። እኔ ጋ መጥተው ተቀመጡና መነጽራቸውን አውልቀው በእጄ ሰጡኝ።